ወርቃ ገብቶ ይርጋጨፌ የወጣበት መዝገብ

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ሽቶ፣ ሸሚዝ፣ አልፎ አልፎም የስልክ ቀፎ ይዞ ይመጣል እንጂ ቡና ይዞ አይመጣም። ቡና ይዞ የሚሄድ ነው የለመድነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ከሰሜን አሜሪካ የመጣ የእህቴ ልጅ ከግማሽ ኪሎ ያነሰ የተቆላ ቡና በወረቀት ከረጢት አምጥቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ደግሞ ይቅመሱልኝ» አለኝ። ከረጢቱ ላይ በላቲን ፊደል፣ ከላይ ወደ ታች፣ ኢትዮጵያ፣ ይርጋጨፌ፣ ገደብ፣ ወርቃ ተብሎ ተጽፏል። ዋጋውን ጠይቄው ነገረኝ፤ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

እኔ የታተመ ወረቀት የማልጥል ሰው ነኝ። ቤተሰቤ በዚህ ጠባዬ እንደተማረረ ነው። ያን ዕለት ማታ የ2001ና የ2002 ዓ.ም. የቡና ዋጋ ዝርዝሮቼን ከመሳቢያ አውጥቼ ወርቃን ፈለግሁ። የታጠበ ይርጋጨፌ አለ፤ ምድቡ ኤ ወይም ቢ፣ ደረጃው በቁጥር፣ ዋጋው በፈረሱላ። ወርቃ የሚል ግን የለም። ገጽ እያገላበጥኩ እስከ እኩለ ሌሊት ብቆይም አልተገኘም። ቡናው በዚያን ጊዜም ይለቀም ነበር፤ ይታጠብ፣ ይጫን፣ ይሸጥም ነበር። ታዲያ ስሙ የት ገባ?

ነገሩን እየተከታተልኩ ስሄድ ያገኘሁት መልስ ስለ ቡና ብቻ አልነበረም። ኮምፒዩተር የሚባለው መሣሪያ የሰጡትን ነገር እንዴት እንደሚቀበል፣ ውስጡ ምን እንደሚያደርገውና ምን አድርጎ እንደሚመልሰው የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላጋጠመኝም።

ወርቃን ለማያውቅ አንባቢ መንገዱን ልጠቁም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ዲላ ይደርሳሉ። ከዲላ ወናጎንና ይርጋጨፌን አልፈው ሲቀጥሉ በጌዴኦ ዞን ደቡባዊ ጫፍ ገደብ ወረዳን ያገኛሉ፤ ወርቃ እዚያ ነው። ምድሩ ከፍ ያለ ነው። ቡናው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ፣ ከእንሰት ጎን ለጎን፣ ከትልልቅ የጥላ ዛፎች ሥር ይበቅላል። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ በአብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች ስለሆነ ለእንግዳ ሰው ዓይን ጓሮ እንጂ እርሻ አይመስልም።

በኅዳር ወር ሄጄ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሜአለሁ። ከሰዓት በኋላ ገበሬው ቀይ እሸቱን በጆንያ ተሸክሞ ይመጣል። ሚዛኑ አጠገብ ደብተር የያዘ ወጣት ተቀምጧል፤ ደብተሩ በማስመሪያ ተሰምሯል፤ ቀን፣ ስም፣ ኪሎ፣ ብር።

«አባባ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» ይላል ወጣቱ።

«ትናንት ጽፈኸው የለም እንዴ?»

«የትናንቱ ሌላ ገጽ ላይ ነው አባባ።»

ሽማግሌው ስማቸውን ነገሩት፤ ጻፈ፤ ቁራጭ ወረቀት ሰጣቸው። እሸቱ ወደ መፈልፈያው ገባ። ቀዩ ልጣጭ ይወልቃል፤ ፍሬው ገንዳ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ተዘፍዝፎ ይብላላል፤ በውሃ ይታጠባል፤ ከዚያም ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ለሁለት ሳምንት ያህል እየተገላበጠ ይደርቃል። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ገብቶ አንድ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ይወጣል። ከመፈልፈያው ካለፈ በኋላ የማን ፍሬ የቱ እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም። የሽማግሌው ቡና ከጎረቤቶቻቸው ቡና ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ገብቷል። ስማቸው የቀረው ደብተሩ ላይ ነው።

ስለ ኮምፒዩተር ሳስብ ይህ ጣቢያ የሚመጣብኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ቻርልስ ባቤጅ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ዛሬ የኮምፒዩተር ቅድመ አያት የምንለውን መሣሪያ ሲነድፍ ለክፍሎቹ ያወጣላቸው ስም ለእኛ ቤት የተሰፋ ይመስላል። ቁጥሮቹ የሚቀመጡበትን «ጎተራ»፣ ስሌቱ የሚካሄድበትን «ወፍጮ» አላቸው። ወደ መሣሪያው የሚገባው ትእዛዝ የተበሳ ካርድ ላይ ነበር፤ ይህንንም የተዋሰው ዣካርድ ከተባለው ፈረንሳዊ የሐር ሸማኔ ነው። ውጤቱን ደግሞ መሣሪያው ራሱ እንዲያትም አስቦ ነበር። ባቤጅ መሣሪያውን ሠርቶ ሳይጨርስ ሞተ፤ አሳቡ ግን አልሞተም። የምክር ቤት ሰዎች የተሳሳተ ቁጥር ቢገባበትም ትክክለኛ መልስ ይወጣ እንደሆን ጠይቀውት በጥያቄው መደነቁን ራሱ ጽፎታል። ዛሬም ይህን ጥያቄ በሌላ አነጋገር የሚጠይቁ ሹሞች አሉ።

ወፍጮው የገባለትን ከመፍጨት በቀር ሥራ የለውም። ጤፍ ከሰጡት ገብስ አያወጣም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ወፍጮው አፍ ላይ ያለውን ወንፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ኸርማን ሆለሪዝ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የአገሩን ሕዝብ ቆጠራ በተበሳ ካርድ አካሄደ። ለጾታ አንድ ቀዳዳ፣ ለዕድሜ ሌላ፣ ለትውልድ አገር ሌላ። ቀዳዳ ባለበት የኤሌክትሪክ ኃይል ያልፋል፤ ቆጣሪውም አንድ ይጨምራል። ካርዱ ላይ ቦታ ያልተመደበለት ነገር ግን ሰውየው ቢናገረውም፣ ቆጣሪው ቢሰማውም ወደ መሣሪያው የሚገባበት መንገድ የለውም። በእኛም አገር ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድና 42 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲመዘገብ መንገዱ ያው ነበር፤ መልሱ ወደ ቁጥር ይለወጣል፣ ቁጥሩ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፣ ሠንጠረዥ ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ኮምፒዩተር ወርቃን እንዴት ያየዋል? ከቁጥር በቀር የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሊሰጠው ግድ ነው። ለረጅም ጊዜ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ በየራሱ ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የሰይጣን ጽሑፍ ሆኖ ይወጣ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎችና ጸሐፊ ተቀጣሪዎች አይረሱትም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ የግዕዝ ፊደልን ሲያካትት ነገሩ መስመር ያዘ። በዚህ መዝገብ ሀ 4608 ነው። ወ 4808፣ ር 4653፣ ቃ 4675። ኮምፒዩተሩ ዘንድ ወርቃ ማለት እነዚህ ሦስት ቁጥሮች በዚህ ቅደም ተከተል ናቸው፤ ሌላ ትርጉም የላቸውም። ቡና የለበትም፣ እንሰት የለበትም፣ ጭጋግ የለበትም።

ከዚህ የሚመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። እኛ ኃይሉንና ሀይሉን እንደ አንድ ሰው እናነባለን፤ እርሱ ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። «ይርጋ ጨፌ» ብለን ነጥለን ብንጽፍ በመካከል ያለው ባዶ ቦታ ራሱ 32 የሚል ቁጥር ስላለው «ይርጋጨፌ» ከሚለው ጋር አይገጥምለትም። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ፣ አንድ ፌ አለው ሁለት፣ አንድ ቃል ነው ሁለት እያልን አንዷን ከተማ አራት አደረግናት። የቆየ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ደግሞ የባሰ ይገጥመዋል። ከአብዮቱ በፊት በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው አውራጃ ደራሳ እየተባለ ይጻፍ ስለነበር «ጌዴኦ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ ኮምፒዩተሩ «የለም» ይለዋል። ሕዝቡ ግን ነበረ፤ ቡናውንም ይለቅም ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ሆኖ ተመዝግቧል። በደራሳ ስም ብንፈልገው አንድም ሰው አናገኝም።

ወደ ዋጋ ዝርዝሬ ልመለስ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. በኢኮኖሚስቷ በዶ/ር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው የቡና አዋጅ ቁጥር 602 ቡና በዚህ ገበያ በኩል እንዲያልፍ ስላዘዘ በ2001 ዓ.ም. ግብይቱ ተጀመረ። የሥርዓቱን አካሄድ ስመለከተው ከዳር እስከ ዳር አንድ ትልቅ ፕሮግራም ሆኖ ይታየኛል። አቅራቢው ቡናውን በመኪና ጭኖ ዲላ ወደሚገኘው መጋዘን ይወስዳል። ናሙና ይወጣል፤ እርጥበቱ ይለካል። ቀማሹ እንዳያዳላ ናሙናው በስም ፈንታ የምስጢር ቁጥር ይሰጠዋል። የታጠበ ቡና ከሆነ ጥሬው ታይቶ ከ40፣ ስኒው ተቀምሶ ከ60 ይታረማል፤ የስኒውም ለንጽሕናው 15፣ ለኮምጣጣነቱ 15፣ ለክብደቱ 15፣ ለጣዕሙ 15 ነው። ድምሩ ደረጃውን ይወስናል። የይርጋጨፌ ጠባይ ያለው እንደሆነ ኤ፣ የሌለው እንደሆነ ቢ። ከዚያም በኮምፒዩተር የመጋዘን ደረሰኝ ይወጣል።

ደረሰኙ ላይ የቀረው ስንት ነገር ነው? የታጠበ መሆኑ፣ የምድቡ ስም፣ ፊደሉ፣ ደረጃው፣ መጠኑና መጋዘኑ። አዲስ አበባ ያለው የግብይት አዳራሽ ውስጥ ገዢና ሻጭ እየተጯጯሁ፣ በመጨረሻም መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ የሚዋዋሉት በዚህ ላይ ነበር። የወጣው ዋጋ በየከተማው በተተከለው ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ በ929 ስልክ ለደወለም ይነገረዋል። ዛፉ አጠገብ የቆመ ገበሬ የአዲስ አበባን ዋጋ የዚያኑ ዕለት መስማቱ በጌዴኦ ታሪክ አዲስ ነገር ነበር። ሻጩም ገንዘቡን በማግስቱ ከባንክ ያገኛል። ቀድሞ ቡናውን ሰጥቶ ገንዘቡን ለመሰብሰብ ስንት ደጅ ይጠና የነበረ አቅራቢ ይህን ሲያወሳ ሰምቻለሁና ሥርዓቱን በአንድ ቃል ማውገዝ ግፍ ነው።

ይሁንና ወርቃ የጠፋው እዚህ ነው። ማንም ክፉ ሰው ሰርቆ አልደበቀውም። ቅጹ ላይ ለጣቢያውና ለመንደሩ ስም ወደ ገዢው የሚያልፍ መስመር አልነበረም፤ በቃ። አንድ ምድብና አንድ ደረጃ ያገኙ ሁለት ጭነቶች ለሥርዓቱ አንድ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ፈንታ ሊሰጥ ይችላል። ለስንዴ ይህ ጥሩ አሠራር ነው። ለወርቃ ቡና ግን ገዢው ሲፈልገው የነበረውን ነገር ራሱን ማውጣት ሆነ። ለዓመታት ከአንድ ጣቢያ ይገዙ የነበሩ የውጭ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመጡ የሚያውቁትን ስም ጠይቀው ያገኙት ፊደልና ቁጥር ነበር። እሸቱን በጥንቃቄ ያስለቀመውና ብስሉን ከጥሬው ያስለየው ባለጣቢያ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ደረጃ እስከወደቀ ድረስ ዋጋው አንድ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ያን ያህል ለምን ይደክማል?

በእኔ አስተያየት ስሕተቱ ስሙን መደበቁ ላይ አይደለም። ቀማሽ የማን ቡና እንደሚቀምስ ማወቅ የለበትም። ለፈተና እርማት እንኳ የተማሪ ስም ይሸፈናል። ነገር ግን እርማቱ ሲያልቅ ሽፋኑ ይነሣል እንጂ ስሙ አይቃጠልም። በኮምፒዩተር ሥራ መደበቅና መደምሰስ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። የምስጢር ቁጥሩ ከስሙ ጋር የተጻፈበት አንድ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ተጠብቆ፣ ከረጢቱም ከከረጢት ሳይቀላቀል ቢቆይ ኖሮ ወርቃ ከቅምሻው በኋላ ተመልሶ ከቡናው ጎን ሊቆም ይችል ነበር።

ነገሩን አሳዛኝ የሚያደርገው ደግሞ ወቅቱ ነው። ኢትዮጵያ «ይርጋጨፌ» የሚለው ስም የራሷ መሆኑን በውጭ አገር በንግድ ምልክት ለማስመዝገብ ታግላ፣ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተስማማችው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ዓለም ሁሉ ያወራለት ክርክር ነው። ትልቁ ስም በውጭ በታገለለት ማግስት ትንንሾቹ ስሞች በአገር ውስጥ ቅጽ ላይ መስመር አጡ።

ደግነቱ አንድ የጎን በር ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በየዩኒየናቸው በኩል ከምርት ገበያው ውጪ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ተፈቅዶላቸው ነበር። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከአባላቱ አንዱ የወርቃ ማኅበር ስለነበር በእነዚያ ዓመታት የወርቃ ስም በዚህ በር እየሾለከ ባሕር ይሻገር ነበር። የግል ጣቢያዎች ቡና ግን መጠበቅ ነበረበት። በ2007 ዓ.ም. ግድም የአዳራሹ ጩኸት በኤሌክትሮኒክ ግብይት ተተካ። መዳፍ መማታቱ ቀረ፤ ስሙ ግን በዚህ ብቻ አልተመለሰም። በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1051 ወጥቶ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚተሳሰሩበት መንገድ ከተከፈተ በኋላ ነው ጭነቱ ከነጣቢያው ስም መጓዝ የጀመረው። የእህቴ ልጅ ከረጢት ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ መጥቷል። ትናንት የመንደሩን ስም ያልጠየቀው ዓለም ዛሬ የጓሮውን ነጥብ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ወደዚያ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 2020 ወዲህ ደን ካልተመነጠረበት መሬት መምጣቱ እንዲረጋገጥ፣ መሬቱም በኬክሮስና በኬንትሮስ እንዲመዘገብ ያዛል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተደጋግሞ ቢራዘምም ምዝገባው ቀደም ብሎ ተጀምሯል። ከአራት ሄክታር በላይ ለሆነ መሬት ዙሪያ ገባው፣ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። ቁጥሩ ግን ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ሊኖረው ይገባል። ስድስተኛው አኃዝ በመሬት ላይ ሲለካ የአንድ ስንዝር ግማሽ ያህል ነው። የእጅ ስልክ ደግሞ ከጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ቆሞ በብዙ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ኮምፒዩተሩ ስድስት አኃዝ ስለጠየቀ ስድስት አኃዝ ይሰጠዋል፤ ስልኩ አያፍርም።

ከሰማይ የሚታየውም ሌላ ፈተና አለበት። የጌዴኦ ሰው ቡናውን፣ እንሰቱንና ዛፉን አንድ ላይ ስለሚያኖር ከሳተላይት ሲታይ ጓሮው ደን ሊመስል ይችላል። ያረጀ የጥላ ዛፍ የቆረጠ ገበሬ ደን የጨፈጨፈ ሆኖ እንዳይወጣ የሚሰጉ አሉ፤ እኔም እሰጋለሁ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚያው በ2023 ነው፤ የተመዘገበበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ዛፍና ሰብልን አንድ ላይ የማኖር ጥበብ ነው።

በጉዞዬ የመጨረሻ ቀን አንድ መዝጋቢ ልጅ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ከእንሰቱ መካከል ቆሞ አገኘሁት። ከጎኑ የቆሙት ሚዛኑ ዘንድ ያየኋቸው ሽማግሌ ነበሩ። ቁጥሩ እየተቀያየረ ቆየና ረጋ፤ ሰሜን 5 ነጥብ ብሎ ስድስት አኃዝ፣ ምሥራቅ 38 ነጥብ ብሎ ስድስት አኃዝ። ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ይህ ቁጥር የኔ መሆኑን በምን ያውቃል?»

«ከጎኑ ስምዎን እጽፈዋለሁ አባባ።»

ቅጹ የሚቀበለው የላቲን ፊደል ብቻ ነበር። ልጁ ሁለት ፊደል ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአንድ «ኤ» ይሁን በሁለት ብሎ ጠየቀኝ። አምና የተመዘገቡበት ወረቀት እንዳለ ጠየቅኋቸው።

«አለ» አሉ ሽማግሌው። «እሱን ያምጡልንና እንደዚያው እንጻፈው አባባ» አላቸው ልጁ። እሳቸውም ወረቀቱን ለመፈለግ ጎንበስ ብለው ወደ ቤት ገቡ፤ እኛ ስልኩ እንዳይጠፋ እየነካካን ደጅ ቆየናቸው።